ሆቴል ያደረ ወንድም

ወሎ ውስጥ እህት ያለው ሰው ሆቴል አያድርም። ሥራ አምጥቶኝ ነው ቢል፣ መሥሪያ ቤቴ ከፍሎልኝ ነው ቢል ሰሚ የለውም። እህቱ ኮምቦልቻ ቤት ይዛ እያለች እሱ ደሴ ላይ አልጋ ከያዘ ተቀይሟል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም አይሰጠውም። ሀፊዝ ይህ ጠፍቶት አይደለም፤ እዚያው ተወልዶ እዚያው አድጓል። ይህን እያወቀ ፒያሳ መሀል በተገተረው ትልቅ ሆቴል ስድስተኛ ፎቅ ላይ ከሰኞ ጀምሮ ሲያድር ለእህቱ ለራሂማ አልደወለላትም።

የመጣበት ሥራ ክፉ ነው። አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ምክትል ኃላፊ ሆኖ ይሠራል፤ ራሂማ ደግሞ የዚያው ድርጅት በሆነው የኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ ውስጥ፣ ማጠንጠኛ ክፍል፣ ገና ልጅ እግር ሳለች የገባች ሠራተኛ ናት። ማጠንጠኛ ክፍሉ የፊታችን ሰኞ ይዘጋል። አንድም ሰው አይቀርም። ወሬው ቀድሞ እንዳይወጣ አለቆቹ ከሠራተኛው ዓይን ርቀው ደሴ ላይ ሆቴል ገቡ፤ ሀፊዝም ለማንም ትንፍሽ እንዳይል ፈርሞ አብሯቸው ገባ።

ሆቴሉ ምንም አልጎደለበትም። ሊፍት አለው፣ እንደ በረዶ የነጣ አንሶላ አለው፣ ጠዋት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ የሚጠብቅ ቁርስ አለው። ሀፊዝ ግን ቁርሱን የሚበላው ጥግ ይዞ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ነበር። አስተናጋጆቹ ኮምቦልቻ እናት አላቸው፣ አክስት አላቸው፤ አንዷ ብታውቀኝስ እያለ ይሳቀቃል። በልቶ ሲጨርስ ክፍሉ ይገባና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉም የለበሰውን የቶሳን ተራራ በመስኮት ያያል። የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ራሂማ ባለፈው ሳምንት ደውላለት ነበር። የባሏ የመሕሙድ ወንድም ከሊድ ደጋን ከተማ ላይ፣ መንገድ ዳር፣ ደህና የእህል ሱቅ አለው። አሁን ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ስለሆነ ተረከቡኝ፣ እምቢ ካላችሁ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብሏቸዋል። መሕሙድ ልቡ ተነስቷል። እሷ ግን ከፋብሪካው መውጣቱም፣ የእሷና የሀፊዝ እናት ያረፈችበትን ቤት ትቶ መሄዱም ከብዷታል። ወንድሟ ያላትን እንደምታደርግ ነገረችው፤ እሱም አስቤ እደውልልሻለሁ አላት። በማግስቱ የክፍሉን መዘጋት ሰማ። ከዚያ ወዲህ ስልኳን ማንሳት አቃተው።

መንገሩ ቀላል ይመስላል። ግን ራሂማን ያውቃታል፤ አጠገቧ ቆመው የሚያጠነጥኑትን ሴቶች ትታ ብቻዋን የምትድን ሰው አይደለችም። ጠዋት ብትሰማ እስከ ማታ ኮምቦልቻ በሙሉ ይሰማል፤ ከማን አፍ እንደወጣ ለማወቅም ጠንቋይ አያስፈልግም። የእሱም እንጀራ በዚያው ያበቃል። ሀፊዝ እንዲህ እያለ ነገሩን ሲያሽሞነሙነው ሰነበተ። ፍርሃት ነው፤ እኔ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከእንግዳ መቀበያው ተደወለለት። ልጅቷ ግራ በተጋባ ድምፅ ሽማግሌዎች እንደሚፈልጉት ነገረችው። ሲወርድ ሸህ ጣሀና አቶ ወንድምአገኘሁ ቆዳው ሶፋ ጫፍ ላይ፣ የሚያቆሽሹት ይመስል፣ ቁጭ ብለዋል። ሸህ ጣሀ የሰፈሩ አስታራቂ ናቸው። አቶ ወንድምአገኘሁ የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩ፣ የአባቱ የልብ ወዳጅ። አንድ የሚኒባስ ሾፌር ሀፊዝ ሆቴሉ ሲገባ አይቶት ኖሮ ለመሕሙድ ነግሮታል። ራሂማ ስልኩ አለመነሳቱንና ሆቴል ማደሩን አንድ ላይ አድርጋ ስታየው ነገሩ ገባት። ወንድሟ ተቀይሟታል። በምን እንደሆነ ባታውቅም ሽማግሌ ይዛ መጣች።

እሷ ገና ፍተሻው ላይ ነበረች። እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ልትጠይቅ መጥታ ጥበቃው ድንጋይ ይዞ መግባት ክልክል ነው ብሏታል። አቶ ወንድምአገኘሁ ተነስተው ሄዱና ይህ የሚወረወር ሳይሆን ይቅርታ የሚጠየቅበት ድንጋይ መሆኑን አስረዱት። ጥበቃው ነገሩ ባይጠፋውም መመሪያ ነው አለ። ጥቂት አሰበና እንግዳ ይዞ አይግባ እንጂ እኔ ይዤ ብገባ ማን ይከለክለኛል ብሎ ድንጋዩን ራሱ አምጥቶ ትከሻዋ ላይ አኖረላት። ሻንጣ የሚጎትቱ እንግዶች ቆመው አዩ።

ራሂማ የሚያብለጨልጨው እብነበረድ ላይ፣ ወንድሟ እግር ሥር፣ አጎንብሳ ቆመች። የሥራ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም፤ እጅጌው ላይ ብጥቅጣቂ ክር ተጣብቋል። ሀፊዝ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ተሽቀዳድሞ ድንጋዩን ሊያወርድላት ሲል ሸህ ጣሀ እጁን ያዙት። በምን እንደተቀየመ መጀመሪያ ይናገር፤ ቁስሉ ሳይታይ አይታሰርም አሉት።

አልተቀየምኩም አለ። ሥራ ነው፣ ድርጅቱ ነው እዚህ ያሳደረኝ አለ። ያልተቀየመ ሰው ስልክ ያነሳል አሉ ሸህ ጣሀ። ምን ዓይነት ሥራ ቢሆን ነው ከኮምቦልቻ ፋብሪካ ሸሽቶ ደሴ የሚያሳድር ሲሉ ጠየቁ አቶ ወንድምአገኘሁ፤ ለክፋት አልነበረም። አጠገባቸው ካለው ጠረጴዛ ማኪያቶ ይጠጣ የነበረው የሀፊዝ አለቃ ግን ጥያቄውን ሲሰማ ቀና ብሎ አየ። ሀፊዝ አንድ ምክንያት ማምጣት ነበረበት፤ ከሁሉ የከፋውን አመጣ።

«እማን ሳትጠብቂኝ ቀበርሻት» አለ።

እናታቸው የሞተች ቀን ከአዲስ አበባ የሚያመጣው መንገድ ተዘግቶ ነበር። ራሂማ እያለቀሰች ደውላ ጀናዛውን እናቆይልህ ወይ ስትለው፣ አታቆይዋት፣ ቅበሯት ያላት ራሱ ሀፊዝ ነው። ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ራሂማ ከነድንጋዩ ቀና ብላ አየችው። አንተ አይደለህ እንዴ ያልከኝ ብትል ኖሮ ሽማግሌዎቹ በእሱ ይፈርዱበት ነበር። አላለችም። ወንድሟን ሰው ፊት ማሳፈር አልሆነላትም።

«ሐቅህ ነው፤ እናት አንድ ናት» አለች። «አፉ በለኝ።»

ሀፊዝ ድንጋዩን አንስቶ አስቀመጠው። አፉ ብያለሁ ብሎ ይቅርታውን ሲሰጥ ድምፁ ተሰበረ፤ ሽማግሌዎቹ ቂሙ ሲወጣለት ነው ብለው ደስ አላቸው። ሸህ ጣሀ ዱዓ አደረጉ። ራሂማ ጉልበቱን ይዛ አለቀሰች፣ ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። የታረቀ ሰው እንደሚሆነው አፏ ተፈታ፤ የልጆቹን ነገር፣ የቤቱን ጣራ ነገር ነገረችው። በመጨረሻም ከሊድ ዛሬ መልስ እንደሚጠብቅ፣ መሕሙድ የእሷን ስልክ እየጠበቀ እንደሆነ ነገረችው።

ሀፊዝ አለቃውን በጎን አየ። ወደ እህቱ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሱቁን ተረከቡ። ፋብሪካውን ተይውና ደጋን ሂጂ።»

«ለምን?»

«ለምን አትበይኝ፤ ዝም ብለሽ እሺ በይኝ።»

ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ሁሉ ጠፋ። እጅጌዋ ላይ የተጣበቀውን ክር መልቀም ጀመረች።

«ቂሙ አልወጣልህም ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «እማን ቀበርሻት፣ ከቤቷም ውጪ ነው የምትለኝ።»

ወላሂ አይደለም አላት። ታዲያ ለምን ስትለው ዓይኑን ወደ አለቃው ጠረጴዛ መለሰ። ሸህ ጣሀ ተቆጡ። አፉ ብሎ ዱዓ ተቀብሎ መልሶ እህትን ከእናት ቤት ማፈናቀል በእኛ ዘንድ አልታየም አሉ። አቶ ወንድምአገኘሁ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ እያዞሩ አባቱን ፊቱ ላይ እንደሚፈልጉ ሁሉ አዩት።

አሁን አለቃው ሒሳብ ከፍሎ ወደ ሊፍቱ ሄዷል። የሚሰማ ጆሮ አልነበረም። ክፍላችሁ ሰኞ ይዘጋል፤ ሦስት ቃል ነው። ሀፊዝ አፉን ከፈተ። ደመወዙን፣ ወንበሩን፣ አዲስ አበባ ያለውን ቤቱን አሰበና መልሶ ዘጋው።

«እንደወደድሽ ይሁን» አላት። «እዚሁ ሁኚ።»

«ከልብህ ነው?»

«ከልቤ ነው።»

ራሂማ ግንባሩን ሳመችው። እዚያው እፊቱ ስልኳን አወጣችና ለመሕሙድ ደወለች። ወንድሜ ታርቆኛል፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከሥራሽ አትነሺ ብሎኛል፣ ለከሊድ አንመጣም በለው አለችው። ወዲያ ማዶ መሕሙድ ቅር እንዳለው ከድምፁ ያስታውቃል፤ እሷ ግን አብሽር፣ አይዞህ፣ ሀፊዝ የሚያውቀው ባይኖር አይልም አለችው። ስልኩን ዘጋች።

ሸህ ጣሀ ከመሄዳቸው በፊት አንዴ ይደገም ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ። እነዚህን ሁለት ያንድ እናት ልጆች ሸይጣን መሀላቸው እንዳይገባ፣ የራሂማንም ሪዝቅ፣ እንጀራዋን፣ ካለበት እንዳያናውጠው አላህን ለመኑ። ራሂማ አሚን አለች። አቶ ወንድምአገኘሁ አሜን አሉ። ከዚያ ሦስቱም ሀፊዝን ጠበቁት፤ እሱም አሚን አለ።