ኦዊኖ እስኪደርሰው

ፌኒ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ካምፓላ ውስጥ ከጣሪያ ጣሪያ እየዞረች ገመድ አልባ ኢንተርኔት ስትተክል ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ላይ ተፈናጥጣ እንኳ የነጂውን ትከሻ መታ መታ አድርጋ «ቶሎ በል» ካላለች የምትደርስ አይመስላትም። እንዲህ ያለችው ልጅ ናት እንግዲህ የአባቷን አንዲት ቃል ሁለት ወር ስትጠብቅ የከረመችው።

አባቷ ጋሽ ጉግሳ ከቦዳ ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ ንሳምብያ ሆስፒታል ተኝተዋል። ኦዊኖ ገበያ ሸሚዝ የሚሸጠው ልደቱ ሽማግሌ ልኮ እዚያው አልጋቸው ድረስ ሁለቴ አስጠየቃት። ሁለቴም «እናስብበት» ብለው መለሱ። ለሦስተኛው ግን ቁርጡን ሊናገሩ ነው።

«ልጄን ከሆስፒታል አልጋ ላይ አልድርም» አሉ። «ሽማግሌው ቤቴ ይግባ፣ እኔ ካለሁበት እናገራለሁ። የምናገረው አንዴ ነው፤ ሁሉም እኩል ይስማ።»

የሽማግሎቹ አለቃ ጋሽ ሀብቴም የዋዛ ሰው አይደሉም። ዛሬ እምቢ ከተባልን አራተኛ መምጣት የለም ብለዋል።

ሁሉም ማለት ሦስት ቦታ ነው። ሽማግሎቹ ኪዋቱሌ ባለው በጋሽ ጉግሳ ቤት ሳሎን፣ ሴቶቹ ጓዳ፣ ልደቱ ደግሞ ወጉ ስለማይፈቅድለት ኦዊኖ ሱቁ ውስጥ። የአባቷን ቃል ከሆስፒታል በቪዲዮ ለሦስቱም የሚያደርሰውን ማሰራጫ የሠራችው ፌኒ ራሷ ናት። ኮምፒውተሯ ላይ አንዲት መቀየሪያ አለች፤ አንዱ ጫፍ «ሙሉ»፣ ሌላው «ቶሎ» ይላል። «ሙሉ» ላይ ከሆነች፣ ከሦስቱ ለአንዱ ቃል ከጎደለው ሌሎቹ ቆመው ይጠብቁታል። «ቶሎ» ላይ ከሆነች ግን ያመለጠው አመለጠው ነው። የአባቴ ቃልማ አይጎድልም ብላ «ሙሉ» ላይ አደረገቻት፤ መጠበቁን እንዴት አድርጋ እንደቻለችው እሷ ናት የምታውቀው።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሽማግሎቹ ቁጭ በሉ ቢባሉ፣ እሺ ሳንባል አንቀመጥም ብለው እንደቆሙ ነው። ፌኒ ሽማግሌ ፊት አትወጣምና ኮሪደር ላይ ኮምፒውተሯን አቅፋለች። ጋሽ ጉግሳ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ አሉ፣ «እንደምን ዋላችሁ» አሉ፣ ከዚያ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ኦዊኖ ቆርቆሮውና ሕዝቡ ብዛቱ፣ ኔትወርክ የት ገብቶ። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት።

«ይሄ ሰውዬ አፉን ከፍቶ ያየናል እንዴ?» አሉ ጋሽ ሀብቴ።

«ኦዊኖ እስኪደርሰው ነው» አለች ፌኒ ከኮሪደር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ልጅ ለመዳር ኦዊኖን ማስፈቀድ የተጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» ብለው ከዘራቸውን አነሡ።

ፌኒ ጨነቃት። መቀየሪያዋን ወደ «ቶሎ» ገፋቻት።

«ሦስት ጊዜ ደጄን የጠናችሁ ሽማግሎች፣ እምቢ...» አሉ ጋሽ ጉግሳ፤ ቴሌቪዥኑም ጨለመ።

«ሰምተናል» አሉ ጋሽ ሀብቴ፣ ባርኔጣቸውን እየደፉ።

በዚያችው ቅጽበት ጓዳው በእልልታ ቀለጠ። የፌኒ አክስት ደመቀች ስልኳን ከፍ አድርጋ፣ ወገቧን እያወዛወዘች ሳሎን ገባች። «ልጄን ሰጥቻለሁ አለ፤ በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት!» ከዚያ በኋላ ምን እንዳሉ አልሰማችም፤ እልል ስትል የማን ድምፅ ይሰማል።

ጋሽ ሀብቴ አሰቡ፣ ፊታቸው ከሰል መሰለ። «እምቢ ብሎ ሰጥቻለሁ ካለ፣ ለሌላ ሰጥቻለሁ ማለቱ ነዋ።»

እልልታው ደመቀች ጉሮሮ ላይ ቀረ። አማርኛችንም ነገሩን አባሰው፤ ማሰሪያ ግሡን ይዞ መጨረሻ ላይ ነው ቁጭ የሚለው፣ ከመሃል የቆረጠው ሰው ያልተባለ ይዞ ይሄዳል።

አባቷ ጋ ደወለች። ነርስ አንሥታ ለራጅ ወስደዋቸዋል አለቻት። ልደቱ ጋ ደወለች።

«ምን ሰማህ?»

«በቃ አልፈለጉኝም ፌኒዬ» አለ፤ ድምፁ ሞቷል። «ይቆይ አሉ።»

«ከዚያ በፊትስ? ቃል በቃል ንገረኝ።»

«መጀመሪያ ‹ብዬ አልመልሳችሁም› አሉ። ከዚያ ተቆረጠ። ከዚያ ‹ግን እግሬ ድኖ፣ ቆሜ እስክመርቃት ይቆይ›።»

ፌኒ የሳሎኑን፣ የጓዳውንና የኦዊኖን ቁራጭ ቃል አገጣጥማ ባገኘችው ካርቶን ላይ ጻፈች። ወጉን ረስታ ሳሎን ገባችና አንድ በአንድ አነበበች፦

«ሦስት ጊዜ ደጄን የጠናችሁ ሽማግሎች፣ እምቢ ብዬ አልመልሳችሁም። ልጄን ሰጥቻለሁ። ግን እግሬ ድኖ፣ ቆሜ እስክመርቃት ይቆይ።»

ጋሽ ሀብቴ ካርቶኑን ተቀብለው ራሳቸው አነበቡት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ የቀሩት ሽማግሎችም ተከትለው ተቀመጡ። ደመቀች ጉሮሮዋ ላይ የቀረውን እልልታ ለቀቀችው፣ ፌኒ ከደስታዋ ብዛት የቱን ሽማግሌ አስቀድማ እንደምትስም ጠፋት።

ስልኳ ጮኸ። አባቷ ናቸው።

«ሰሙ ወይ?»

«ሰሙ አባዬ። ዘግይቶ ነው እንጂ ሁሉም ደርሷል።»

«ሐኪሙ ለመቆም ስድስት ወር ይፈጅብሃል ይላል» አሉ፤ ድምፃቸው አነሰ። «እኔ እንኳ እታገላለሁ፤ ቶሎ ለመነሣት...»

«ቀስ በል አባዬ» አለች ፌኒ፣ እንባዋን በእጇ እየጠረገች። «እንጠብቅሃለን።»

ሰውን ቀስ በል ስትል በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነበር።