ሸሚዝና ቀሚስ

ወንድሜ ካረፈ ወዲህ የልብስ ስፌት ቤቱን የያዙት ሁለቱ ልጆቹ ናቸው፤ ወንዱ ሸሚዝ ይሰፋል፣ ሴቷ ቀሚስ። እኔ አክስታቸው መሃል ላይ ተቀምጬ ለሁለቱም ቁልፍ እተክላለሁ። አንድ ቀን ካውያው ተረስቶ የደንበኛ ቀሚስ ተቃጠለ። «አንተ ነህ!» «አንቺ ነሽ!» ተባባሉና ተኳረፉ። ከዚያ ወዲያ እኔ ስልክ ሆንኩላችሁ። «አክስቴ፣ መቀሱን እንዲያቀብለኝ ንገሪው» ትላለች፤ እሱ አጠገቧ ቆሞ ጆሮ ዳባ ልበስ!

ይባስ ብለው ቤቱን በግድግዳ ሊከፍሉት አናጢ ጠሩ። አናጢው ወለሉን በጠመኔ እያሰመረ መጥቶ ወንበሬ ሥር ደረሰ።

«እማማ፣ እስቲ ብድግ ይበሉልኝ።»

ወንበሬን ገፋ አድርጌ ቆምኩ። ከግድግዳው በየት በኩል ልቀመጥ ነው?

ይሄኔ ሸሚዟን ልትወስድ የመጣች አንዲት የቋንቋ አስተማሪ ምን እየተሠራ እንደሆነ ጠየቀች። እኔ ምን ቸገረኝ፣ አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩላት። ሳቀች።

«ሸሚዝና ቀሚስ እኮ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው» አለች። «በላቲን ካሚሲያ የሚባል ልብስ ነበር። ቃሉ በዓረብኛ በኩል ቀሚስ ሆነ፣ በፈረንሳይኛ በኩል ሸሚዝ። በየፊናቸው ዞረው ዞረው እኛ ጋ ሲገናኙ ዝምድናቸውን የሚያስታውስ ጠፋ።»

ከዚያ ልጅቷ «ታላቁ መቼም ቀሚስ ነው» አለች።

«ማን ነገረሽ? ሸሚዝ ነው እንጂ!» አለ ወንድሟ።

«አንተ ደግሞ መቼ ተሸንፈህ ታውቃለህ!»

ፊት ለፊት! ያለ እኔ! ሁለቱም ዘግይተው ነቁና ክው አሉ። እኔ ሳቄን ለመደበቅ መርፌ የጠፋኝ መስዬ አጎነበስኩ።

አናጢው ሥራው ቆሞበታል። «በሩን የት ላድርገው?» አለ። ለካ በር የሚባል ነገር ማናቸውም አላሰቡም። ካውያው ደግሞ አንድ ነው።

«እዚህ ጋ» አለች የወንበሬን ቦታ እያሳየች፤ «አክስቴ እንድታልፍ።»

«ሰፋ ይበል» አለ እሱ። «የካውያው ጠረጴዛም ይለፍ።»

«ትንሽ ጨምርበት» አለች።

«እሱም አይበቃም» አለ።

አናጢው መስመሩን በእግሩ እየደመሰሰ ሄዶ ሄዶ ጥግ ደረሰ። «ይሄማ በር ሳይሆን ሜዳ ነው» አለና ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ወንበሬን ቦታዋ መልሼ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ዞር ሳትል እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች።

«መቀስ» አለች። እኔን አልነበረም። ወንድሟ አቀበላት።