ሂላ ውስጥ የተሸጎጠችው ጥንቸል

የባየልኝን ውሸት መተማ ሙሉ ያውቀዋል። ሰሊጥ አጫጆች ማጭዳቸውን ጥለው ይሰሙታል፤ ፖሊሱ ሳይቀር «እስቲ አንዷን ጣል አድርግልን» ይለዋል። የገዛ ልጁ ግን ትታዋለች።

የአምስት ዓመቷ ማርያማዊት ዱሮ ከእርሻ ሲመለስ ጉልበቱ ላይ ዘላ ወጥታ «አባዬ፣ ዛሬስ ምን አየህ?» ትል ነበር። ክረምት ላይ አጎቷ በእናቷ በስርጉት ስልክ ላይ አንዲት ሮዝ የካርቱን ጥንቸል ጫነላትና ነገር ተበላሸ። ጥንቸሏ በዐረብኛ ትለፈልፋለች፤ ልጅቷ አፏን ከፍታ ታያታለች። ጉርሻ እንኳ የምትውጠው ጥንቸሏ ካሮት ስትገምጥ ነው።

«ዛሬ ዘንዶ አየሁ» አላት አንድ ቀን፣ እጁን እስከቻለው ዘርግቶ።

«ያላ፣ ሒድ! ጋረድከኝ።»

ያላ! በጥንቸሏ ዐረብኛ፣ አባቷን! ባየልኝ ጨሰ።

«ዓይኗ ይጠፋል፣ ምላሷ ይዞራል፤ ቀሚያት ይሄን ነገር» አለ ሚስቱን።

«አንተ ሰውዬ፣ ለዓይኗ አስበህ ነው ወይስ ቀንተህ?»

«እኔ? በጥንቸል?»

ቀንቷል እንጂ። ለዓይኗም ሰግቷል፤ ቅናቱ ግን ቀድሞ ደርሷል።

በማግስቱ እናትና ልጅ ምሳ ይዘው ማሳ ሲመጡ ስልኩን ከዘንቢሉ ሰረቀ። የታጨደው ሰሊጥ ነዶ ነዶውን ታስሮ፣ እንዲደርቅ ተደጋግፎ ቆሟል፤ ይህን ክምር ሂላ ይሉታል። አንዱ ሂላ ውስጥ ሸጎጠው።

«ጥንቸልሽ ድንበሩን አልፋ ገላባት ተሻገረች» አላት። «እዚያ ካሮት ረክሷል ብለዋት።»

ማርያማዊት መሬት ላይ ተንከባለለች። ለቅሶው ሲብስ አንጀቱን በላችውና ሊያወጣላት ሄደ። የቱ ሂላ ነበር? ስልሳ ሂላ ቆሟል፣ ሁሉም መንታ። እንዳይደውል ማሳው ላይ ኔትወርክ የለም። እንዳይበትን፣ የደረቀ ሰሊጥ አፉን ከፍቷል፤ አንዴ ከተንገጫገጨ የዓመት ልፋት ይረግፋል። እጁን እንደ አዋላጅ ቀስ እያለ ከሂላ ሂላ ይዳብስ ጀመር። ልጅቷ ሱሪውን ይዛ ትነፋረቃለች።

«ያ ዘንዶ እኮ» አለ ቢቸግረው፣ «ሰሊጥ የጫነ መኪና ዋጠ። ከነሾፌሩ።»

ለቅሶው ቆመ። «ሾፌሩስ?»

«ሆዱ ውስጥ ሆኖ ማርሽ ይቀይራል! ዘንዶው ሳይወድ በግዱ እስከ ጉምሩክ ከነፈ። እዚያ ‹ታርጋህ የታለ?› ብለው አስቆሙት።»

በየሂላው ዘንዶው እየረዘመ ሄደ፤ አርባኛው ላይ ጣቱ ስልኩን ነካ። አልነካሁም ሊል ነበር። ልጅቷ ግን አየችውና ነጠቀችው። ወዲያው የጥንቸሏ ልፍለፋ ተሰማ። ባየልኝ ፊቱን አዞረ።

«ዝም በይ አንቺ! ልንገርሽ!»

ዞር ሲል፣ ማርያማዊት ስልኩን የውሃ ጀሪካን ላይ አስደግፋ ጣቷን ትቀስርበታለች። «ዘንዶው መኪና ዋጠ። ሾፌሩ ጡሩንባ ሲነፋ ዘንዶው የራሱ ፈስ መሰለውና አፈረ።»

ጡሩንባ? ጡሩንባውን እሱ አልነገራትም። ከሱ የበለጠች ውሸት፣ ለዚያውም ለጥንቸል!

«ለኔ ንገሪኝ እንጂ፣ ልጄ» አለ። ጥንቸሏን በክርኑ ገፋ አድርጎ ቦታዋ ላይ ተቀመጠ።