አባዬ አባዬ የሚሸት ሳጥን

ወንድሜ ከኮምፒውተር ሽታ የሚያወጣ ሳጥን በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ ነበር። እኔ የምሠራው ላውንደሪ ቤት ነው፤ የሰው ላብ፣ የሲጋራ ጭስ፣ የከረመ ሽቶ ከልብስ ሳስለቅቅ እውላለሁ። እማዬ ደህና በነበረችበት ጊዜ "አንዱ ሽታ ያመጣል፣ አንዷ ሽታ ታባርራለች፤ እኔ መሀል ቤት አፍንጫዬን ይዤ ቀረሁ" እያለች ትስቅብን ነበር። ሰፈሩ ወንድሜን "ሊቁ" ይለዋል። ሲያሞግሱት ይሁን ሲያላግጡበት እሱ ለይቶት አያውቅም። እኔ ለይቼዋለሁ፤ ግን አልነገርኩትም።

ሳጥኑ የጫማ ካርቶን ቢያህል ነው። ውስጡ ዘይት የተሞሉ ትናንሽ ጠርሙሶች፣ የምታሞቅ ሽቦና የምታናፍስ ማራገቢያ አሉት። ኮምፒውተሩ ላይ የብርቱካን ሥዕል ሲነኩ ቤቱ ብርቱካን ይሸታል፤ ጽጌረዳ ሲነኩ ጽጌረዳ፤ ባሕር ሲነኩ ባሕር። ባሕር አይቼ ስለማላውቅ ለባሕሩ መመስከር አልችልም። ወንድሜ ግን በየቤቱ አንድ አንድ ሳጥን እንደሚገባ፣ ሰው ዘመዱን በስልክ እያየ የቤቱን ሽታ ጭምር እንደሚልክለት ሲያወራ ላም አለኝ በሰማይ አይበቃውም ነበር፤ ጥጃዋንም ወተቷንም ጨምሮ ነው የሚያወራው።

ያ ሁሉ የተማረ ሰው ተሰብስቦ ሽታውን ስለማምጣት ሲመራመር፣ ስለመመለስ ያሰበ አንድም አልነበረም። ሥዕል ይጠፋል፣ ድምፅም ይዘጋል፤ ሽታ ግን አንዴ ከወጣ ጌታ የለውም። ሰው ብርቱካኑን ነክቶ ወደ ጽጌረዳው፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ ሲሄድ ሦስቱ አየሩ ላይ ይቀላቀሉና ቤቱ ውሃው ሳይቀየር የሰነበተ የአበባ ማስቀመጫ መሽተት ይጀምራል። አንዲት ደንበኛ ሳጥኑን በፌስታል ላይ ፌስታል ደራርባ ጠቅልላ መልሳ፣ "ሶፋዬንም ውሰዱልኝ" ብላ ቢሮው በር ላይ ቆማ ቀረች ተብሏል። ብዙም ሳይቆይ ድርጅቱ ተዘጋ። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ያለቅሳል፣ ብልህ ይልሳል ይባላል። ወንድሜ ሁለቱንም አደረገ፤ እያለቀሰ የተረፉትን ሳጥኖች ጭኖ መጣና አልጋዬ ሥር ደረደራቸው።

በዚያን ጊዜ ደግሞ እማዬ መብላት አቁማለች።

አባዬ ጎሚስታ ነበር። መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ዕድሜ ልኩን የተነፈሰ ጎማ ሲለጥፍ ኖሮ ዓምና ሞተ። ከሱ በኋላ እማዬ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ እሳት ላይ የጣደችውን ረሳች፤ ቀጥሎ የጎረቤቶቹን ስም፤ በመጨረሻም አባዬ መሞቱን ረሳችው። "የት ሄደ?" ስትለን "ሞቷል እኮ እማዬ" እንላታለን፤ እንደ አዲስ መርዶ ደረቷን ትደቃለች። ደጋግመን ከቀበርንላት በኋላ አንጀታችን አልችል አለና መናገሩን ተውነው። "ሥራ ቦታ ነው" ማለት ጀመርን።

ምግብ ሲቀርብላት ከንፈሯን ግጥም ታደርጋለች። በልመና፣ በቁጣ፣ በጨዋታ ጥቂት ማንኪያ ሾርባ ብናስገባ ነው። ክብደቷ ቀንሶ ቀንሶ ስትታጠብ በአንድ እጄ ደግፌ እይዛት ጀመር። የጤና ጣቢያዋ ዶክተር መጥታ አየቻትና ጓዳ ጠርታን በአፍንጫዋ ቱቦ ቢገባላት ነቅላ እንደምትጥለው፣ ከዚህ ወዲያ መድኃኒቷ ምግብ ብቻ መሆኑን ነገረችን። እንደምንም አብሏት አለችን። ካልበላች አትቆይም ማለቷ እንደሆነ ሁለታችንም ገባን።

ያን ቀን ነው ወንድሜ አልጋዬ ሥር ገብቶ አንድ ሳጥን ጎትቶ ያወጣው። የምግብ ፍላጎት የሚመጣው በአፍንጫ ነው አለ። ትኩስ ዳቦ አስሸተታት፤ ምንም። የዶሮ ሾርባ አስሸተታት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በሦስተኛው ቀን ላውንደሪ ቤት ድረስ መጥቶ ከካውያዬ ፊት ቆመና "አባዬ ቤት ሲገባ ፊቷ ይፈታ ነበር። ፊቷ ከተፈታ አፏም ይፈታል" አለኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን አሹፌበት እመልሰው ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እሺ አልኩት።

ወንድሜ የአባዬ የሥራ ባልደረባ ጋ ሄዶ የጎማ ቁራጭና ማስቲሽ ይዞ መጣ። ጎማውን በጥንቃቄ እያሞቀ ዘይቱ ውስጥ ሲነክር ጎረቤቶች መስኮታቸውን መዝጋት ጀመሩ። ጠርሙሱን አፍንጫዬ ሥር እያቀረበ "አባዬን ይሸታል?" ይለኛል። የጎማ ቤት ነው እንጂ አባዬ አይደለም እለዋለሁ። የማሽን ዘይት ጨመረ፤ ላብም ቢሆን ከየት እንዳመጣው እንጃ ጨመረ፤ አሁንም አንድ ነገር ጎደለው። የጎደለውን ያወቅሁት እኔ ነኝ። አባዬ ከሥራ ሲመጣ በቀጥታ ቤት አይገባም፤ ግቢው ቧንቧ ላይ ቆሞ በልብስ ሳሙና እጁን እስከ ክርኑ ያሻል። እኛ አፍንጫ የሚደርሰው አባዬ ጎማ ብቻ ሳይሆን ጎማና ሳሙና ነበር። ሳሙናውን ፍቄ ሰጠሁት። ሲያስሸትተኝ አለቀስኩ፤ እሱም እኔን አይቶ አለቀሰ። እንደዚያ ቀን ወንድሜን ወድጄው አላውቅም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እማዬን ወንበሯ ላይ አስቀምጠን ቁልፉን ነካው። ሳጥኑ ትንሽ አጉረመረመ። የእማዬ አንገት ቀና አለ፤ ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ።

"መጣ" አለች።

ማበጠሪያ ስጡኝ አለች። ሻሿን አስተካከለች። ለወራት ደግፈን የምናስነሳት ሴት ጠረጴዛውን ይዛ ብቻዋን ተነሳች። ሳህን አወጣች፣ ማንኪያ ደረደረች፣ የጠረጴዛ ልብሱን በመዳፏ አለሰለሰች። ወንድሜ በዓይኑ ጠቀሰኝ፤ እኔም ደስታው አናቴ ላይ ወጥቶ ሩዙንና ሾርባውን ጨለፍኩ። ምግቡን ፊቷ አደረግሁት። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። ማንኪያውን ወደ አፏ ሳስጠጋ እጄን ቀስ አድርጋ መለሰችው።

"እማዬ፣ ይቀዘቅዛል። ብዪ እንጂ።"

"እጁን እየታጠበ ነው። ይግባና እንበላለን።"

"አንቺ ጀምሪ፣ ይደርስብሻል።"

"ምነው ልጄ" አለች እየሳቀች፣ "እሱ ሳይቀመጥ የበላሁት መቼ ነው?"

እኔና ወንድሜ ተያየን። መቼ እንደሆነ አናውቅም። ልጆች ሆነን እማዬ እኛን ቀድማ ታበላናለች፤ ሳህናችንን ታያለች፣ ትጨምርልናለች፣ አፋችንን ጠርጋ ታስተኛናለች። እሷና አባዬ የሚበሉት ከዚያ በኋላ ነው። አድገን ሥራ ከያዝን ወዲህም እኛ የምንመጣው በየሰዓታችን፣ የምንበላውም በየፊናችን ነው። አባታችን ምን እንደሚሸት እስከ ሳሙናው ድረስ እናውቃለን፤ እናታችን እንዴት እንደምትበላ ግን አይተን አናውቅም። እስኪመሽ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ በሩን አየች። በፊት እየተለመነች የምትውጣትን ጥቂት ማንኪያ እንኳ ያን ቀን አልቀመሰችም።

ሳጥኑን ነቀልነው። ሽታው አልተነቀለም። በማግስቱ ወንበሩ አባዬ አባዬ ይሸታል፤ መጋረጃው ይሸታል፤ ፍራሹና የእማዬ ፀጉር ይሸታል። እማዬም በማግስቱ ሳህን አወጣች።

"በል እንግዲህ ሊቁ፣ መልሰው" አልኩት። የፈሰሰ ውሃ እንደማይታፈስ እያወቅሁ ነው ያልኩት። ቢያንስ ሽታ ማጥፋት የኔ ሙያ ነው ብዬ ከላውንደሪ ቤት ፈቃድ ወስጄ መጋረጃውን፣ አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱን አጠብኩ። ወለሉን በሶዳ፣ ግድግዳውን በኮምጣጤ ፈተግሁ። ዘይት የጠጣ ጎማ ልብስ ውስጥ ሲገባ አይለቅም፤ ይባስ ብሎ ሳጥብበት የዋልኩት ሳሙና ሽታውን ሙሉ አደረገው። እማዬ ከወንበሯ ሆና ቧንቧውን እየሰማች ፈገግ ትላለች። ባልዲውን ግቢ ውስጥ ወርውሬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ወደ እኔ ክፍል አዛወርናት፤ አልሸሹም ዞር አሉ ሆነ። የእኔ አልጋ ሥር ያሉት ሳጥኖች ባይሸቱም የእሷ ሻሽ ይሸታል፤ ደግሞም እየተነሳች ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ጠረጴዛዋ ጋ ትመለሳለች። እውነቱን እንንገራት ብለን ሥሯ ተንበርክከን ነገርናት። አልቅሳ አልቅሳ ዝም አለች። ከዚያ ሽታው አፍንጫዋ ደረሰ፤ ዓይኗን ጠርጋ "እናንተ ልጆች፣ ምን ዓይነት ቀልድ ነው?" አለችና ወደ በሩ ዞረች። ከእኔና ከወንድሜ ምላስ ይልቅ አፍንጫዋን አመነች።

ወንድሜ እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ደም መስሏል። በመጨረሻ ሽታውን በሽታ እንሸፍነው አለና ብርቱካኑን ለቀቀው። እኔ ከመናገሬ በፊት እማዬ አየሩን ሳበች፤ ፊቷ እንደ ልጃገረድ ፊት በራ።

"ብርቱካን ይዞልኝ መጥቷል" አለች።

ሳቅን። እግዜር ይቅር ይበለን፣ እኔና ወንድሜ ጓዳ ገብተን አፋችንን ይዘን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን፤ ከዚያ ወንድሜ ሳቁን ማቆም አቃተውና ለቅሶ ሆነበት። እኔ ያን ቀን ልሰድበው ያጠራቀምኩትን ሁሉ ረሳሁት። ያደረገው ክፉ ነገር የለም። እናቱ እንድትበላለት ነው የፈለገው።

ዶክተሯ ተመልሳ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ አሸተተችና እዚህ ቤት የሚቃጠል ጎማ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ምን ብለን እናስረዳት? እማዬን ነካካቻት፤ ክንዷን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። በዚያው ቀን በመርፌ በክንዷ የደም ሥር ውሃ ሰጠቻት፤ እማዬ ዶክተሯ ከግቢ ሳትወጣ መርፌውን ነቅላ ጣለችው። ዶክተሯ ትከሻዬን ዳበስ አደረገችኝ።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ከአልጋ መነሳት ተሳናት። ትራስ ደግፈን ጠረጴዛውን ወደ አልጋዋ አስጠጋንላት። ወንድሜ በቁመቱም በትከሻውም አባዬን ነው። የአባዬን ቱታ ከሻንጣ አወጣና ለበሰው። ሌላ የቀረን ነገር አልነበረም። ግቢ ወጥቶ ቧንቧውን ከፈተ፤ እጁን እስከ ክርኑ አሸ፤ አባዬ እንደሚያደርገው በር ላይ ጫማውን አራገፈና ገባ። የአባዬ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ ማንኪያውን ይዤ እማዬ አፍ አጠገብ ቆሜያለሁ።

እማዬ ብዙ ጊዜ አየችው። ቱታውን አየች፣ እጁን አየች፣ ፊቱን አየች። ከንፈሯ ሲላቀቅ አይቼ ማንኪያውን አስጠጋሁ።

"ደረስክ የኔ ልጅ?" አለችው። "እንዴት ደክሞሃል። እህትህም አልበላችም። በሉ ቅረቡ፣ ይቀዘቅዛል።"

"አንቺስ እማዬ?" አለ ወንድሜ። ድምፁ የራሱ አልነበረም።

"እናንተ ብሉ። እኔ ከአባታችሁ ጋር እበላለሁ።"

ወንድሜ እኔን አየኝ። ከጠረጴዛው ማንኪያ አንስቶ ሩዙን ጎረሰ፤ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ ጎረስኩ። እማዬ ውሃ ጠጪ አለችኝ፤ ጠጣሁ። ሳህናችንን እያየች "ጨምሩ" ስትል ጨመርን፤ "አታትርፉ" ስትል አላተረፍንም። የዚያን ቀን እንደበላሁት በልቼ አላውቅም። ጨርሰን ሳህኑን ስናሳያት ደስ አላትና ራሷን ትራሱ ላይ አሳረፈች።

ከዚያ የእሷንና የአባዬን ድርሻ እንዳይቀዘቅዝ እንድከድነው አዘዘችኝ። ከደንኩት።