የዳቦው ሰልፍ

ስርጉት በስደት አገር፣ ካርቲየ 3 በሚባል ሰፈር በተከራየቻት ጠባብ ክፍል፣ በሰው ቤት የሚሠሩ ያገሯን ሴት ልጆች ማጽናናት ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። «እንቅልፍ አጣሁ፣ ሆድ ባሰኝ» ባዩ ግን አልቀነሰም። አንድ ቀን ነገሩ ተገለጠላት፦ የሚታመሙት ዳቦው እቤት ድረስ የሚመጣላቸው ናቸው፤ ለዳቦ የሚላኩትማ ሰልፉ ላይ ካገራቸው ልጅ ጋር ስቀው ይመለሳሉ።

«እኔ ጅሏ! የወደቀችውን ሳነሳ ኖርኩ እንጂ ጉድጓዱን መች ደፈንኩት!» ብላ በንዴት ተነሳች። በየእመቤቱ በር እየዞረች በሶማሊኛ፣ «ዳቦ ትኩሱን ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ ልጅቷን ላኪያት» አለች። በር የዘጋችባትንም እመቤት ደጅ ተመልሳ አንኳኳች።

ዛሬ ሰልፉ ጥጉን ዞሯል፤ ሳቁ መንገድ ማዶ ይሰማል። ሆድ የባሳቸው ይቀመጡበት የነበረው የስርጉት አግዳሚ ወንበር ባዶ ቀረ። ተሸክማ አወጣችውና ሰልፉ አጠገብ ዱብ አደረገችው።

«በሉ ቁጭ ብላችሁ አውሩ፤ ዳቦው ይጠብቃል!»