ጆሮውን የደፈነው ዲያቆን

ወንድሙ አንዷለም ከጀልባ ወድቆ ቆጋ ግድብ ውስጥ ስለ ሰጠመ፣ የዜማ ተማሪው ዲያቆን ሠርክአዲስ አስከሬኑን ፈልጎ በፍትሐት ሊያስቀብረው ተነሣ።

«ዲያቆኔ፣ ጆሮህን እንዳትደፍን፤ ከተደፈነ የጥልቁ ውሃ ግፊት ይሰብረዋል» አሉት ዓሣ አስጋሪው ጋሽ ቢሆነኝ። «አፍንጫህን ይዘህ በቀስታ ወደ ጆሮህ ተንፍስ፤ ካመመህ ተመለስ። ውሃ እንደ መሪጌታ ነው፤ የቸኮለን ይገርፋል።»

ሠርክአዲስ ግን ዜማ የሚለቅምበት ጆሮው ውሃ እንዳይገባው ሰግቶ፣ ዞር ብሎ የጧፍ ሰም ጠቀጠቀበት። ሲጠልቅ ሕመሙ እንደ ጦር ወጋው፤ እጁ የወንድሙን ኮት ነክቶ ነበርና አስከሬኑን ሳይዝ አልተመለሰም።

በማግስቱ በፍትሐቱ ላይ፣ ሰሙ ከወጣ በኋላም፣ የካህናቱ ከንፈር ለእርሱ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀስ ነበር። ተራው ሲደርስ መሪጌታው ትከሻውን ነካ አደረጉት። ሠርክአዲስ አዜመ፤ ለቀስተኛው ሁሉ ሰማው፤ እርሱ ግን አልሰማውም።