ሁለተኛው ጉርሻ ለእማማ ኦካዳ

ልጄ ሐመልማል ሲያትል፣ ቻይናታውን ውስጥ አስጎብኚ ልትሆን ነው ብዬ ያወራሁ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት ፋንታዬ ሳቋ አመለጣት።

«የራሷን ሳታውቅ የሰው ልታስተምር?»

እኔም አፍ አላጣሁም። «የጎረቤቱን የሚያውቅ ልጅ የራሱ አይጠፋበትም» ብያት ሄድኩ። ቢሆንም ነገሯ ከነከነኝ። ሐመልማል አስጎብኚ ሳትሆን ብትቀር ፋንታዬ ለስንት ሰው እንደምታወራ አውቃለሁ።

እኔ ደስታነሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የአንድ ትንሽ የወጣቶች ማእከል ቫን እነዳለሁ። ማእከሉ የመጣውን ወጣት ሁሉ ከየት ነህ ሳይል የሲያትልን የጃፓኖች፣ የቻይናዎችና የፊሊፒኖዎች ታሪክ ያስተምራል። ትምህርቱን የጨረሱት ደግሞ እንግዳ ይዘው ሰፈሩን ያስጎበኛሉ። ሐመልማልን መጀመሪያ የወሰድኳት ስካይዌይ ሰፈር ባለው ቤታችን ብቻዋን እንዳትውል ብዬ ነበር። በፈረንጆቹ 2011 አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ግን የየሱቁን ታሪክ፣ የየበዓሉን ቀን ከማንም በላይ ታውቅ ነበር። ልጄ ስለሆነች አይደለም የምለው፤ እሺ፣ ትንሽ ስለሆነችም ነው።

የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር። በማእከሉ ደንብ፣ አስጎብኚ የሚሆን ልጅ አንድ የሰፈሩ አዛውንት በገዛ አፋቸው የነገሩትን ታሪክ መያዝ አለበት። ከመጽሐፍ የተቀዳ አይቆጠርም። ለሐመልማል የደረሷት እማማ ኦካዳ ነበሩ። ሌላው ሰው ሚስስ ኦካዳ ይላቸዋል፤ እኔ ግን የሰማንያ ዓመት ሴት ሚስስ ብዬ መጥራት አይሆንልኝም። እማማ ኦካዳ ስለ አባታቸው የዓሣ ሱቅ ቀኑን ሙሉ ቢያወሩ አይደክማቸውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ጃፓኖቹን ከከተማው ለቅሞ በሽቦ አጥር ውስጥ ሲያጉር እሳቸውም በልጅነታቸው ታጉረዋል። ስለዚያ ሲጠየቁ ግን «ብርድ ነበር» ይሉና ወደ ዓሣ ሱቃቸው ወሬ ይመለሳሉ። ከሐመልማል በፊት ሦስት ልጆች ሞክረው ያችኑ «ብርድ ነበር» ይዘው ተመልሰዋል።

የማእከሉ አስተባባሪ ሊን ቁርጡን ነገረቻት። ሌሎቹ አዛውንቶች ለሌሎች ልጆች ተመድበዋል፤ ማእከሉ ለአዛውንቶቹ በሚያዘጋጀው የቅዳሜ ምሳ ላይ ከእማማ ኦካዳ ጋር ካልተሳካላት፣ ለዘንድሮ አበቃ።

ቅዳሜ ቫኑን አቁሜ ገባሁና ከእማማ ኦካዳ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ሐመልማል ጎንበስ ብላ በትሕትና ጠየቀች። እማማ ኦካዳ ሳህናቸውን እያዩ «ብርድ ነበር» አሉ። ምግቡን አልነኩትም። የልጄ ዓይን እንባ አቀረረ።

እኔ ደግሞ አዛውንት ሳይበሉ ሲቀመጡ ማየት አልችልም። ካፒቶል ሂል ሰፈር ባለ የቻይና ሬስቶራንት ውስጥ ስድስት ዓመት ስሠራ በቾፕስቲክ፣ በእነዚያ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች፣ መብላት ተምሬያለሁ፤ እኮራበታለሁም። ከሳልመን ዓሣው ደህናውን ቁራጭ በቾፕስቲክ አንስቼ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ብዬ ወደ አፋቸው ዘረጋሁ። እሳቸው አፋቸውን አልከፈቱም። የራሳቸውን ቾፕስቲክ አንስተው ቁራጩን ከእኔው ቾፕስቲክ ላይ ተቀበሉኝ።

ከገበታው ጫፍ ሊን አፏን በእጇ ያዘች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ማም!» ሐመልማል ጆሮዬ ሥር ደረሰች። «ጃፓኖች ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ የሚቀባበሉት የሞተ ሰው አጥንት ብቻ ነው! አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ተነሥቼ ብሄድ ነገሩ በአንድ ጉርሻ ሊቀር ነው፤ አንድ ጉርሻ ደግሞ ያጣላል። በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «በእኛ አገር አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለተኛው ያስታርቃል። ሁለተኛው በእጅ ነው።» ከዚያ ወደ ልጄ ዞርኩ። «በይ፣ እጅሽን ታጠቢና አጉርሻቸው።»

«ኖ፣ ማም! ኢትስ ሶ ኤምባራሲንግ! ያሳፍራል!»

«ታጠቢ አልኩ!»

ታጥባ መጣች። ሩዙን ከሳልመኑ ጋር ጠቅልላ ዘረጋች። እማማ ኦካዳ በቾፕስቲካቸው የያዙትን ቁራጭ አስቀመጡና ልጄን ትንሽ አዩአት። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡ፣ ውኃ ጠጡ።

«አባቴ የሞተው እዚያ፣ አጥሩ ውስጥ ነው» አሉ። «ወንድሞቼ ፈቃድ አግኝተው ከአጥሩ ውጭ ለሥራ ሩቅ ሄደው ነበር፤ እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። እናቴ አጥንቱን በቾፕስቲክ እያነሣች ትዘረጋልኛለች፣ እኔ እየተቀበልኩ አጽሙ የሚቀመጥበት ዕቃ ውስጥ እጨምራለሁ። ብርድ ነበር። ጣቶቼ ደንዝዘው አንዱ አጥንት መሬት ወደቀብኝ። እናቴ አልተቆጣችም። ጎንበስ ብላ በባዶ እጇ አነሣችው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ የዘረጋልኝ ሰው አልነበረም፤ ዛሬ እናትሽ ስትዘረጋልኝ ሳላስብ እጄ ቀደመኝ።»

ሐመልማል ደብተሯን ረስታው ታለቅስ ነበር። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ሊን በዚያው ቀን የአስጎብኚነት ባጇን ሰጠቻት።

በሰኔ የመጀመሪያዎቹን እንግዶቿን ይዛ ወጣች፤ ከሲያትል ወጣ ካለችው ከማውንትሌክ ቴራስ በቫኑ ያመጣኋቸው አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። እማማ ኦካዳ ከሁለት ረጃጅም ወጣቶች ጋር መጥተው ከኋላ ቆሙ። የዓሣ ሱቁ ከነበረበት በር ላይ ሐመልማል ስለ እማማ ኦካዳ አባት ስትጀምር አንድ ሰውዬ እጁን አወጣ።

«ይቅርታ፣ አንቺ ጃፓናዊት አይደለሽም። ይሄን ታሪክ የምትነግሪን በምን ምክንያት ነው?»

ደሜ ፈላ፤ የቫኑን በር ከፍቼ አንድ እግሬን አወረድኩ። ግን እማማ ኦካዳ ቀደሙኝ።

«የነገርኳት እኔ ነኝ» አሉ ምርኩዛቸውን መሬት መታ አድርገው። «እነዚህ የልጅ ልጆቼ ናቸው። ከእኔ ሰምተውት አያውቁም፤ ደግሜ ልናገረው አልችልም። ያመጣኋቸው ከእሷ እንዲሰሙት ነው። ቀጥይ፣ ልጄ።»

ሁለቱ ወጣቶች ወደ ፊት ጠጋ አሉ። ሐመልማልም ለእነሱ ብላ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።